ብሩ እጀታው ነው

(«የገበታ ሥልጣኔ» በሚል ርእስ ባለፈው እትም ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)

ባለፈው እትም የወጣውን «የገበታ ሥልጣኔ» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ፈገግ አልኩ፤ በሁለተኛው ተናደድኩ። መናደዴን ደብቄ «ወዳጃዊ አስተያየት» ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ ጸሐፊው ወንድሜም አንባቢዎቼም ታገሡኝ።

ነገሩን ላልተከታተሉ ላስታውስ። ባለፈው የባህል ቀን ዐውደ ርእይ ላይ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ በቀይ ከፋይ ላይ የተጋደመ የእንግሊዝ አገር የብር ገበታ ዕቃ ቀርቦ ነበር። አሥራ ሁለት የገበታ ቢላዋ፣ አንድ ረዥም የሥጋ መቁረጫ ቢላዋ፣ ባለ ሁለት ጥርስ ትልቅ ሹካና የቢላዋ መሳያ። ከሰቆጣ ወገን ከሆነ ከአንድ የቀድሞ ባላባት ቤተሰብ በውሰት የመጣ ነው ተባለ። ከሥሩ የተቀመጠችው ካርድ «የዋግ መኳንንት የገበታ ቅርስ» ትላለች። ሰዉ ተሰልፎ አየ፤ እኔም ተሰልፌ አየሁ።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ነገር ይለናል። አንደኛ፣ ሥልጣኔ የሚጀምረው ከገበታ ነው። ሁለተኛ፣ አባቶቻችን ጮማ በጥርሳቸው ነክሰው በካራ ወደ ላይ ሲቆርጡ የኖሩት የብር ቢላዋና ሹካ የሚያስተምራቸው ስላላገኙ ነው። ሦስተኛ፣ ይህ ዕቃ የዋግ ኩራት ስለሆነ ሙዚየም ሊገባ ይገባዋል።

በመሠረቱ እኔ የብር ዕቃ ጠላት አይደለሁም። ሙዚየም ይግባ፣ ደግ ነው። የምጣላው ከካርዷ ጋር ነው። የምጣላው «ቅርስ» ስንል ዓይናችን ወዴት እንደሚሄድ፣ ከምን ላይ ደግሞ እንደሚሸሽ ስላየሁ ነው።

እስቲ ከዕቃው እንነሣ። ጸሐፊው ስለ ብር ቢላዋ ሦስት ገጽ ሲጽፍ ቢላዋው ከምን እንደተሠራ አንድ መስመር አልጻፈም። «የብር ቢላዋ» ሲባል የሰማ ሰው የሚቆርጠው ብሩ ይመስለዋል። አይደለም! ብር ልስልስ ማዕድን ነው፤ ስለት አይዝም። እንግሊዞች «ስተርሊንግ» የሚሉት ከ1000 እጅ 925 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥንካሬ እንዲሰጠው የተጨመረ መዳብ ነው። እንዲያም ሆኖ ለፍራፍሬ ካልሆነ በቀር ለሥጋ አይሆንም። ስለዚህ የገበታው ቢላዋም ሆነ የትልቁ ሥጋ መቁረጫ ስለት የአረብ ብረት ነው። ቀጥቃጭ በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ መትቶ፣ ውሃ አጠጥቶ የሠራው ብረት።

እጀታውስ? እጀታውም ቢሆን በብዛት ድፍን ብር አይደለም። ስስ የብር ቆርቆሮ በቅርጽ ላይ ይመታና ሁለት ግማሽ ይወጣዋል። ሁለቱ ግማሾች ይበየዳሉ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሙጫና ቅጥራን ይሞላበታል፤ ሙጫው ትኩስ ሳለ የስለቱ ጭራ ይገባበታል፤ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። አሮጌ ባለ ብር እጀታ ቢላዋ ፍል ውሃ ውስጥ አይነከርም የሚባለው ለዚሁ ነው። ሙጫው ይላላና ስለቱ ከእጀታው ይወልቃል።

በማኅተሙም ቢሆን ያው ነው። በሣጥኑ መስተዋት ላይ አፍንጫዬን ደፍቼ ስመለከት እጀታው ላይ የሚራመድ አንበሳና ዘውድ አየሁ። አንበሳው የብሩን ንጽሕና ይመሰክራል። ዘውዱ በ1773 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሼፊልድ ከተማ የብር መፈተሻ ቤት እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ይመታው የነበረ ምልክት ነው። ስለቱ ላይ ግን አንበሳውም ዘውዱም የለም። ሥራውን የሚሠራው ክፍል አልተሸለመም። ሽልማቱ የተሰጠው ውስጡ ሙጫ ለሆነው ለእጀታው ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ ያመሰገንከው ይህን እጀታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የማይዝግ ብረት የሚባለው በዚያው በሼፊልድ ሃሪ ብሬርሊ በሚባል ሰው እጅ የተገኘው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ስለት ሁሉ ይዝጋል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ ከየግብዣው በኋላ አንድ አሽከር ጓዳ ቁጭ ብሎ ስለቶቹን አንድ በአንድ በጡብ ዱቄት ሲፈትግ ማምሸት ነበረበት። አሥራ ሁለት ቢላዋ ያለ አሽከር አይኖርም። «የገበታ ሥልጣኔ» የተባለው አሽከሩን አላየውም፤ ሳሎን ውስጥ አልነበረማ!

እዚያው ሼፊልድ ውስጥ ደግሞ ሹካና ቢላዋ የሚሞርዱ ሠራተኞች ነበሩ። ሹካ የሚሞረደው በደረቅ ድንጋይ ስለነበረ የድንጋዩና የብረቱ ትቢያ ሳንባቸውን ይበላው ነበር። ኤንግልስ በ1845 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ሁኔታን በገለጸበት መጽሐፉ የከተማውን ሐኪም ምስክርነት ጠቅሶ፣ በደረቅ ድንጋይ የሚሞርዱት አማካይ ዕድሜ ከ35 ዓመት እምብዛም እንደማያልፍ ጽፏል። እንግዲህ ያ ባለ ሁለት ጥርስ ሹካ በቀይ ከፋይ ላይ ተጋድሞ ሲያብለጨልጭ ከጀርባው የሚያስል ሰው አለ። ጽሑፉ ግን «የእንግሊዝ ጨዋነት» ይለዋል። ጨዋነቱ የማን ነው? የበላው ሰው ነው ወይስ የሞረደው?

አሁን ወደ ዋግ ልመለስ፤ ካርዷ ዋግ ብላለችና።

የዋግን ታሪክ በእንግሊዝ ዕቃ እንለካ ከተባለማ፣ የእንግሊዝ ብረት ለዋግ ምን እንዳመጣ እናስታውስ። ዋግሹም ጎበዜ የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ናቸው። አባታቸውን ዐፄ ቴዎድሮስ ሰቀሏቸው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በአሰም ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ገጠሙ። በሰው ብዛት ብልጫው የተክለ ጊዮርጊስ ነበር። ካሣ ግን የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ የተወላቸውን መድፍና ጠመንጃ ይዘው ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተያዙ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የዋግ ዘውድ በእንግሊዝ ብረት ወደቀ። ታዲያ ያ ቀን ዳኛው የወርቅ ጌጥ ነበር? የብር ጋሻ ነበር? ብረት ነበር! ብረት መሥራት የሚችለውን ሰው ያከበረ አገር ከሩቅ መጥቶ ሲፈርድ፣ ብረት ሠሪውን የሰደበ አገር ተፈረደበት። እኔ ከአሰም የምማረው ይህን ነው።

ስለ ገበታም ይነሣ፤ ርእሱ ገበታ ነውና። የጮማው ነገር የሚያሳፍረኝ አይመስለኝም። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችንን አይቶ ተመልሶ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ ሲጽፍ የለንደን ሰዎች ውሸታም ብለው ሳቁበት። እኛ ደግሞ ዛሬ በብሩስ ሳቂዎች ዓይን ራሳችንን እያየን እናፍራለን። በጥርስ ይዞ በካራ ወደ ላይ መቁረጥ ጥበብ ነው። ካራው ካልሰላ፣ እጅ ካልረጋ አፍንጫ ይሄዳል። የሚያሳፍረው አቆራረጡ አይደለም። የሚያሳፍረው ማን ቆራጭ፣ ማን ተመልካች እንደነበረ ነው።

በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተናል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ ያነሣው ፊልም በቤተ መንግሥት ግብዣ ትርኢት ተሰባጥሮ ቀረበ። አንድ ጊዜ አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን፣ አንድ ጊዜ ኬክና ሻምፓኝ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዋግ ያኔ የወሎ አውራጃ ነበር። ፊልሙን ያሳየው ደርግም ቢሆን ለድኻው አዝኖ ነው አልልም። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው አገር ሲራብ እሱም የአሥረኛ ዓመት በዓሉን ደግሶ አከበረ። የእኛ አገር ገዢ ሲሾም ቢላዋውን እንጂ ገበታውን አይለውጥም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ተረት የተረትን ሰዎች ነን እኮ!

ሌላም ልጨምር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን አወጀ። ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በምግብ እጥረት መቀንጨራቸው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲያበቃ የተገባ ቃል ነው። እንግዲህ ከሁሉ የአገሪቱ ከተሞች ይህ ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም የያዘበትን ምክንያት ማንም ያውቃል። ስለ ዋግ ገበታ መጻፍ የፈለገ ሰው ከዚህ ይጀምር። ገበታው ላይ ምን አለ? ስንት ልጅ ቀረበበት? ሹካው በግራ ነው በቀኝ ነው የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እስከ አሁን የጻፍኩትን ማንም የተማረ ሰው ሊጽፈው ይችላል። የሚቀጥለውን ግን እኔ ብቻ ነኝ የምጽፈው።

አያቴ ሰቆጣ አካባቢ ቀጥቃጭ ናቸው። አሉ፤ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው በእሳት ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። ወናፋቸው ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የምነፋው እኔ ነበርኩ። ብረቱ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ይቆረጣል። ከሰሉ ውስጥ ይገባል፤ አያቴ ሙቀቱን የሚለኩት በቀለሙ ነው። ሲደርስ በጉጠት ያወጡትና መስፉ ላይ አጋድመው ይመቱታል፤ ሲጠቁር ይመልሱታል፤ እንደገና ይመቱታል። ከዚያ ውሃ ያጠጡታል። ያን ጊዜ ማንም እንዲናገር አይፈቅዱም፤ ድምፁን ይሰማሉ። «ብዙ ከጠጣ ይሰበራል፣ ጥቂት ከጠጣ አይቆርጥም» ይላሉ። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። የስለቱ ጭራ ግሎ ቀንዱን እየሰነጠቀ ሳይሆን እየበሳ እንዲገባ ማድረግ የእጅ ዕውቀት ነው፤ ሙጫ የለበትም። ፍል ውሃ ውስጥ ቢያድርም አይወልቅም።

አያቴ ማረሻ ይሠራሉ፣ ማጭድ ይሠራሉ፣ ምሳር ይሠራሉ። በዚያ ድንጋያማ አገር ያለ እሳቸው አንድ ትልም አይወጣም። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ይመጣና «አያ፣ እንደምን አደሩ» ይላቸዋል። ቡና ሲቀርብለት ግን ቸኩያለሁ ይላል። ሁልጊዜ ይቸኩላል። ዕድሜ ልኩን እኛ ቤት የተቸኮለ ሰው ነው! ሲመሽ ደግሞ ያው ሰው ልጁን «በዚያ በኩል እንዳታልፍ» ይለዋል። ሕፃን ከታመመ እኛ ነን የበላነው። ጅብ ከጮኸ እኛ ነን የጮኽነው። አያቴ የሸክላ ሠሪ ልጅ ያገቡት ወደው ብቻ አይደለም፤ ሌላ ማን ልጁን ይሰጣቸው ነበር?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» እያሉ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ወረቀት ላይ አለ፤ ስድቡ ደግሞ አፍ ላይ አለ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅም ወጣ። «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ የወጡት ተማሪዎች የዘመኑን ትልቁን ጥያቄ ጠየቁ፤ ክብር ይገባቸዋል። ግን ማረሻውስ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ስንት ነበር? አራሹን ጭቁን ብለን ዘፈንለት። አራሹ ራሱ ቡናውን የማይጠጣለትን ሰው ምን እንበለው?

አሁን ነውሬን ልናገር።

ባለፈው ፋሲካ እዚሁ ማደሪያችን ያሳለፍነው ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ቅርጫ ገባን። ሥጋው መጣ፣ ቢላዋ ጠፋ። አንዱ ቢላዋ ፈዘዘ፣ ሌላው ተጣመመ። እኔ ከሻንጣዬ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን የአያቴን ካራ አወጣሁ። ለመንገድ የሰጡኝ ነው። ሽንጡን እንደ ቅቤ አለፈው። ሁሉም እየተቀባበለ ቆረጠበት፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ እየሞከረ አደነቀ። ከመካከላችን አንዱ፣ የምወደው ጓደኛዬ፣ «ኧረ ይህን ከየት አገኘኸው?» አለኝ።

«ከገበያ ገዛሁት» አልኩ።

ዋሸሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ግን አንዱ ልጅ በሆዱ ሕመም ሲሠቃይ «ቡዳ በልቶሃል፣ ከመካከላችን ማን ነው ባለ እጅ?» ተብሎ ተስቆ ነበር። እኔም አብሬ ስቄ ነበር። ያን ሌሊት ሥጋው በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ዶሮ ባይጮኽም ጴጥሮስን መሆኔ ገባኝ።

እንግዲህ ባህል ቀን ላይ ተሰልፌ የቆምኩት ይህን ተሸክሜ ነው። ከሼፊልድ የመጣ የማንም የማናውቀው ሰው እጀታ «የዋግ ቅርስ» ተብሎ በከፋይ ላይ ተኝቷል። የዋግ ቀጥቃጭ የሠራው ካራ ደግሞ ማደሪያ ውስጥ፣ ሻንጣ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተደብቋል። የደበቀው ሌላ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይሉ የለ? አያቴ ብረት አበደሩን፤ የመለስንላቸው ስድብ ነው።

ጸሐፊው ምናልባት «እኔ ቀጥቃጭ አልሰደብኩም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ አልሰደበም። ጭራሽ አላያቸውም። ስለ ቢላዋ ሦስት ገጽ ጽፎ ቢላዋ ሠሪ የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ልምድ ይጠይቃል። ያን ልምድ ሁላችንም አለን።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ከመቅደላ የተወሰዱ የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ ኢትዮጵያ ተቃውማ ከጨረታው ወጡ፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሁላችንም ተደሰትን፤ እኔም ተደስቻለሁ። ልብ በሉ፣ የቀንድ ዋንጫ ነው! ወርቅ አይደለም። ከበሬ ቀንድ በእጅ የተሠራ መጠጫ ነው። ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ቅርስ ይሆናል፤ ሰቆጣ ገበያ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ግን አልፈነው እንሄዳለን። ሠሪው ሞቶ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ዕቃው ፈረንጅ እጅ ካልገባ በቀር ማክበር አልቻልንበትም። እንዴት ነው ነገሩ?

የአብያተ ክርስቲያናቱን የብር መስቀሎችስ እንዴት እናያቸው? አንጥረኞቻችን በብዛት የሚያቀልጡት ጠገራ ብሩን ነበር። በ1780 እ.ኤ.አ. ቁጥር የሚታተመው ያ ማርትሬዛ ከ1000 እጅ 833 እጁ ብር ነው። ከእንግሊዙ 925 ያንሳል። በካርዷ ሚዛን ከሄድን የእኛ መስቀል ከእንግሊዝ ቢላዋ እጀታ ያነሰ ነው ማለት ነው። መስቀሉን የምንሳለመው ግን ለብሩ መጠን አይደለም። አንጥረኛውም ቢሆን ያው «ባለ እጅ» ተብሎ የሚሸሸው ሰው ነው። የሠራውን እንሳለማለን፣ እጁን እንፈራለን።

መተቸት ብቻ ለማንም አይበጅም፤ ስለዚህ የምጠይቀውን ልጠይቅ። የብሩ ዕቃ ይቀመጥ፤ ካርዱ ግን ይቀየር። «በሼፊልድ ሠራተኞች የተሠራ፤ በዋግ ባላባት የተበላበት» ይባል። እውነቱ ይኸው ነው። ፎክሎር የምታጠኑ ጓደኞቼ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ጠፋ እያላችሁ ከምታማርሩ፣ የቀጥቃጩን ቃላት ሰብስቡ። ወናፉ፣ መስፉ፣ ጉጠቱ፣ የውሃ አጠጣጡ በአማርኛም በኽምጥኛም ስም አለው። ከፋብሪካ የሚመጣው ርካሽ ቢላዋ ገበያውን እየሞላው ነው። አያቴም ከእሳቸው በኋላ ወናፉን የሚነፋ የላቸውም። የሚነፋው ልጅ እዚህ ሥነ ጽሑፍ እያጠና ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ወረቀትም በጀትም አይፈልግም። ማደሪያ ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም «ማን በላው?» አትበሉ። በቃ። ከመካከላችሁ ማን እንደሚሰማ አታውቁም። እኔ ስሰማ ነበር።

ወንድሜ ሆይ፣ በጽሑፍህ መጨረሻ ሥልጣኔ ማለት ቢላዋን በትክክል መያዝ ነው ብለሃል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ቢላዋውን ከሠራው ሰው ጋር ቡና መጠጣት ነው። ሳትቸኩል።

ለሚመጣው የባህል ቀን የአያቴን ካራ አበድራለሁ። ከፋይ አያስፈልገውም። ካርዱን ግን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ።

የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ
ሦስተኛ ዓመት፣ ሥነ ጽሑፍ